ቁርስ የተፈረደባት ጿሚ

በየደብሩ አንዲት አለች። ታቦቱ ሚካኤል ይሁን ማርያም፣ ጣሪያው ሣር ይሁን ቆርቆሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው ጾም የሚያንሳት አንዲት ሴት ከምእመናኑ መካከል አትጠፋም። የጥንት አባቶች ተሰብስበው፣ ተጨንቀውና ተጠበው፣ ሰው ሳይሞት ሊጾመው የሚችለውን ያህል ደንግገው አልፈዋል። እሷ ግን አባቶች ለሰው አብዝተው ያዘኑ ይመስላታል። ሰው ረቡዕንና ዓርብን ሲጾም ሰኞን ትጨምራለች፤ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትቆያለች። ይህን ሁሉ አድርጋ ደግሞ ምስጋና አትቀበልም። አንድ ሰው «በረታሽ እኮ» ያላት እንደሆነ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ አጥር ማዶ ድረስ በሚሰማ ሹክሹክታ «ኧረ እኔ ምን ጾሜ!» ትላለች።

በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ገበያ ወደ ርብ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ዳር ባለችው የሚካኤል ደብር፣ ይህን ሹመት የያዘችው ወይዘሮ ይርገዱ ነበረች። ዘመኑ ሃምሳዎቹ ነው፤ ሜዳውን ሰው በሰው ላይ ያስቀበረው ያ ክፉ የወባ ዓመት ካለፈ ጥቂት ክረምቶች ሆነውታል። ሹመቱን ማንም አልሰጣትም፤ ማንም ደግሞ ሊነጥቃት አልቻለም። ጎረቤቷ ወይዘሮ ታይቱ ብዙ ሞክራ ነበር። ይርገዱ ሰኞን ስትጨምር ታይቱም ሰኞን ጨመረች፤ ይርገዱ ግን በሳምንቱ ማክሰኞን ይዛ ጠበቀቻት። እንዲህ እያለች ወይዘሮ ታይቱ የደብሩ ሁለተኛ ጿሚ ሆና ቀረች። ያከሳትም ረኃቡ ሳይሆን ይኸው ሁለተኝነት ነው ይባላል።

የይርገዱ ባል ካሴ ከብት አርቢ ነው። የፎገራን ላም የሚያውቅ ሰው የዚያን ቤት ወተት መገመት አያቅተውም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ላሞቹ ከቤቱ ጀርባ፣ ነፋስ ወደ ቤት ከማይነፍስበት ጥግ ተወስደው ይታለባሉ፤ የወተት ሽታ ጾም ያስገድፋል ብላ እመቤቲቱ ፈርዳለችና። ወተቱን የሚጨርሱት ጥጃዎቹ ናቸው። ካሴ ሰው ሲጠይቀው «የኔ ጥጃዎች ከፋሲካ ይልቅ ሁዳዴን ይወዳሉ» ይላል።

ዝክር የተጠራች ቀን የድግሱ ባለቤት ወዮላት። ወይዘሮ ይርገዱ ትሪው ፊት ትቀመጥና እጇን ሳትሰድ፣ «ይህ ኑግ የተወቀጠበት ሙቀጫ ባለፈው ፋሲካ ምን ተወቀጠበት?» ብላ ትጠይቃለች። ባለቤቲቱ ሙቀጫው አዲስ እንደሆነ ምላ ተገዝታ ታስረዳለች። ወይዘሮ ይርገዱ በትዕግሥት ሰምታ፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ፣ «ይሁን፤ እናንተ ብሉ» ትላለች። ያቺ «እናንተ ብሉ» የስንቱን ጉሮሮ እንደዘጋች እግዚአብሔር ይወቀው።

ከሁሉ የሚከፋባት ግን ፋሲካ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት መጾም ክልክል ስለሆነ ወይዘሮ ይርገዱ ሥራ ትፈታለች። ሰው ወተቱን ሲጠጣ፣ ቅቤውን ሲያወርድ፣ እሷ እንደ ተሻረ ሹም አጥር ለአጥር ትዞራለች። «ምነው፣ ወተት ቅመሺ እንጂ» ሲሏት «አይስማማኝም» ትላለች። አባቶች በእነዚያ ቀናት መጾምን ከለከሉ እንጂ አለመስማማትን የከለከለ የለም።

የዚህ ሁሉ ዋና ተጎጂ የነፍስ አባቷ መምሬ ደሴ ነበሩ። መምሬ ደሴ ወፍራም አይባሉም፤ ቀጭን ናቸው ብሎ የሚመሰክር ግን አይገኝም። የታዘዘውን ጾም አንዲት ቀን ሳያጎድሉ ይጾማሉ፤ ካልታዘዘው ላይ ግን አንዲት ደቂቃ ወስደው አያውቁም። በሁዳዴ የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ዘጠኝ ሰዓት መቃረቡን ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ወይዘሮ ይርገዱን የምታህል ጿሚ የነፍስ ልጅ ስትሰጠው፣ ፈጣሪም አንዳንዴ ይቀልዳል ማለት ነው።

ኑዛዜ ስትመጣ የሚናዘዙት እሳቸው ይመስላቸዋል።

«አባቴ፣ በድያለሁ» ትላለች።

«ምን አደረግሽ ልጄ?»

«ትናንት ጎረቤት ሽሮ ሲንተከተክ ሸተተኝና ምራቄን ዋጥኩ።»

መምሬ ደሴ ያንኑ ሽሮ፣ እዚያው ጎረቤት፣ ሁለት ጊዜ አስጨምረው እንደበሉት ያስታውሳሉ። ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ ያደርጋሉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላሉ በቀስታ፤ ለማን እንደሚሉት ግን እርግጠኛ አይደሉም። እሷን ከሸኙ በኋላ ለሚያገኙት ሁሉ «ይህች ሴት አንድ ቀን ለመላእክት ጾም ታስተምራለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ቀልዱ ሜዳውን ሁሉ ዞሮ እሷም ጆሮ ደርሷል፤ እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው።

አንድ ዓመት ሁዳዴ እኩሌታው ላይ፣ ቀትር አልፎ ወንጌል ሲነበብ፣ ወይዘሮ ይርገዱ ከቆመችበት ተወዛወዘችና በወይዘሮ ታይቱ ላይ ተዘረጋች። ታይቱም ሁለተኛ ናትና ከሥር ሆነች። ይርገዱን ላብ አጥምቋታል፤ ፊቷ አመድ መስሏል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ደጅ አውጥተው ሲያስቀምጧት ሆዷ ይገለባበጥ፣ ወደ ላይ ይላት ጀመር፤ ግን ምን አለና ይወጣል? ሴቶቹ ከበቧት። አንዷ ምች ነው አለች። ሌላዋ የርብ ወንዝ ዛር ነው አለች። ሦስተኛዋ «ምናልባት ፀንሳ ይሆናል» አለችና የይርገዱን ዕድሜ ስታስታውስ አንገቷን ደፋች።

ወይዘሮ ይርገዱ ሲሻላት ምን እንደሆነች ጠየቋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ምን ዐውቄ! ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ከዚያ ክንፍ የመሰለ ነገር ፊቴን ዳሰስ ሲያደርገኝ ተሰማኝ ልበል? ግን ለኔ ከየት መጥቶ! ኧረ እኔ ምን ጾሜ!»

በቃ። በማግሥቱ ሜዳው ሁሉ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ እንደዳሰሳት ዐወቀ። ከዚያ ወዲያ በቅዳሴ ሰዓት ሴቶች እሷ የቆመችበት አካባቢ መጋፋት ጀመሩ፤ ክንፉ ሲያልፍ ትራፊው ይደርሰናል ብለው ነው። እሷም አላሳፈረቻቸውም፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ዓይኗ ይጨልማል፣ ራሷን ያዞራታል፣ ያቅለሸልሻታል። መምሬ ደሴ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። መልአኩ የሚመጣው ሁልጊዜ ከቀትር ወዲህ ነው። ሴትዮዋ ማታ እህል ከቀመሰች በኋላ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ነገሩን ሲያሰላስሉት፣ ይህ መልአክ ሽሮ የሚፈራ መሰላቸው።

ካሴ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሚስቱን በበቅሎ ጭኖ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዳት። መንገዱ ሩቅ ነው ሲላት ደስ እያላት ተነሣች፤ ድካም ያለበት ነገር አይቀርባትም። በባዶ ሆዷ ያን የሚፋጅ ውሃ ገብታ ብዙም ሳትቆይ እንደ እርጥብ ልብስ ተጠቅልላ ወደቀች። በዙሪያው የነበረው ሕዝብ «ለቀቃት! ለቀቃት!» እያለ እልል አለ። ካሴ ግን የለቀቃት ነፍሷ መስሎት ራሱን ይዞ ጮኸ። ይርገዱ ዓይኗን ስትገልጥ ዕልልታውን ሰማችና፣ ባልዋ አላስፈላጊ ጩኸት በመጮኹ ተቆጣችው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ሳምንት ነው ካሴ አንድ ቀን ቀትር እንዳለፈ እያለከለከ መምሬ ደሴ ደጃፍ የደረሰው።

«መምሬ፣ መልአክ ሰውን ውሃ ውስጥ ይደፋል?»

«ምን ሆነሃል ካሴ?»

«ርብ ወርዳ ውሃ ስትቀዳ ዞሮባት በፊቷ ተደፋች። ከብት ላጠጣ እዚያው ባልገኝ ኖሮ ዛሬ የምጠራዎት ለፍትሐት ነበር። በነጠላዋ ጎትቼ አወጣኋት። አሁንም ያስመልሳታል፤ መቆም አትችልም። እኔ ክንፍ አላውቅም መምሬ፤ የማውቀው ሚስቴ ልትሞትብኝ መሆኑን ነው።»

መምሬ ደሴ ቀልዳቸው አፋቸው ላይ ደረቀ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

በወረታ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ባለው ጤና ጣቢያ፣ ጎንደር ተምሮ የመጣ አለኸኝ የሚባል ወጣት ጤና ረዳት ነበር። ሰዉ ሁሉ ሐኪሙ ይለዋል፤ እሱ ሐኪም አይደለሁም እያለ ሲያስተባብል ነው የሚውለው። ይርገዱን በበቅሎ አድርገው፣ ካሴ ከፊት፣ መምሬ ደሴ ከኋላ ሆነው ወሰዷት።

«እናቴ፣ ዛሬ ምን በሉ?» አለ አለኸኝ።

ይርገዱ እንደተሰደበች ሁሉ አየችው። «ዛሬ? በሁዳዴ? በዚህ ሰዓት?»

«እሺ፣ ትናንትስ?»

«ማታ እፍኝ የማትሞላ ቆሎ።»

«ከዚያስ በፊት?»

«ከዚያ በፊትማ ጾም ነው።»

አለኸኝ መምሬ ደሴን አያቸው፤ እሳቸው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ሽንቷን አስመጥቶ በብርጭቆ ቱቦ ካለ ሰማያዊ ውሃ ጋር አደባልቆ እሳት ላይ አንተከተከው። ስኳር ካለበት ቀለሙ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ሲብስም ወደ ሸክላ ቀለም ይለወጣል ብሎ ነገራቸው። ሦስቱም አፈጠጡበት። ውሃው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

«የስኳር በሽታ አይመስልም» አለ አለኸኝ። «እንዲያውም የተገላቢጦሹን ነው የምጠረጥረው። በሰው ደም ውስጥ ስኳር አለ። ሰው ሳይበላ ብዙ ሲቆይ ይህ ስኳር በአንዳንዱ ላይ አለልክ ይወርዳል። ሲወርድ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያልባል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። የርስዎም ይህ ይመስለኛል። ግን የደሙን መለኪያ እዚህ የለኝም፤ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አልምልም። ጠዋት ጠዋት እህል ይቅመሱ። ከተወዎት እሱ ነበር። ካልተወዎት ጎንደር ሆስፒታል እልክዎታለሁ።»

ጥሩ ተናግሯል፤ ይርገዱ ግን ከሁሉም የሰማችው አንዲት ቃል ነው።

«ስኳር? በሁዳዴ? በኔ ደም?» ብላ ተነሣች፤ ማዞሩም ለጊዜው ጠፋ። «ከተወለድኩ ጀምሮ ያ በወረቀት እየተጠቀለለ ከሱቅ የሚመጣው ስኳር አንዲት ቅንጣት ምላሴ ላይ አላረፈም! ማን ከተተብኝ?»

«እናቴ፣ ሁሉም ሰው ደም ውስጥ አለ። እንዲያውም የርስዎ ጎደለ ነው ያልኩት።»

«ሳይኖረኝ እንዴት ይጎድላል?»

አለኸኝ ጎንደር ብዙ ነገር ተምሯል፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ግን አላስተማሩትም። ይርገዱ በቅሎዋ ላይ ወጥታ ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

ወሬ ከበቅሎ እንደሚቀድም የታወቀው በዚያ ቀን ነው። ወይዘሮ ታይቱ ገበያ ነበረችና፣ በጤና ጣቢያው በር ስታልፍ የድርሻዋን ሰምታለች። ወደ መንደር ስትመለስ ስሌቱን ጨርሳዋለች። ስኳር ጎደለባት ከተባለ ነበራት ማለት ነው። ነበራት ከተባለ ስትልሰው ኖራለች ማለት ነው። ያውም በሁዳዴ! ያውም በድብቅ! ስኳር የፍስክ አለመሆኑን፣ ቢላስም ጾም እንደማያስገድፍ መምሬ ደሴ ለሴቶቹ በዐውደ ምሕረት ቢያስረዱ፣ «እሱስ ልክ ነው» እያሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟቸውና ወጥተው ወሬውን ቀጠሉ። ስንት ዓመት ሙሉ የይርገዱን «እናንተ ብሉ» የዋጠ ጉሮሮ ሁሉ ተከፈተ።

ይርገዱ ስሟን ለማጥራት የምታውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከነገ ጀምሮ ቀን እየዘለለች እንደምትበላ አሳወቀች። ካሴ ይህን ሲሰማ ወደ መምሬ ደሴ ዳግመኛ ሮጠ። በዚህ ዓይነት ለፋሲካ አትደርስም ብሎ አለቀሰ። መምሬ ደሴም ያን ጊዜ ፈሩ። ያቺ ሴት ብትሞት፣ ቀልዳቸው ሁሉ በደረታቸው ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሊቀመጥባቸው ነው።

ሲደርሱ መደብ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ክሩ ይበጠስባታል፤ ትቀጥለዋለች፤ ደግሞ ይበጠሳል።

«ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ ታውቂያለሽ» አሉ።

«ለታመመማ ነዋ አባቴ። ኧረ እኔ ምን ታምሜ!»

«የነፍስ አባትሽ ነኝ። እፈቅድልሻለሁ፤ ብዪ።»

«ፈቃድዎ ይድረሰኝ። ግን ለደካማ የተሰጠ ፈቃድ ለኔ አይሆነኝም።»

መምሬ ደሴ አዩዋት። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ምሕረት ተሰጥቷት ተቀብላ አታውቅም። ሸክም ተሰጥቷት እምቢ ብላም አታውቅም። ነገሩ ያን ጊዜ በራላቸው። መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ።

«እንግዲያው ተነሺ። የመጣሁት ቀኖና ልጥልብሽ ነው። ውዳሴ ከንቱ ይዞሻል። መልአክ ዳሰሰኝ ብለሽ ሰው አስወርተሻል። ለዚህ ንስሐ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ እስከ ሆሣዕና፣ ፀሐይ እንደወጣች አንድ ዋንጫ በሶ በማር በጥብጠሽ ትጠጫለሽ። በዘጠኝ ሰዓትም ሰው የሚበላውን ትበያለሽ። በሶውን የምትጠጪው ደጅሽ ላይ ተቀምጠሽ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ እያየሽ ነው።»

ይርገዱ እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ።

«ታይቱም ታየኛለች?»

«በተለይ ታይቱ።»

«አባቴ፣ ሌላ ይስጡኝ! ስግደት ይስጡኝ፤ እየሰገድኩ ጣራ ገዳም ልውጣ! እህል የቀመሰ ሰው እኮ ጸበል አይጠጣም፤ ከውጭኛው በር ጡት ከሚያጠቡ ሴቶች ጋር ሊያቆሙኝ ነው!»

«እዚያው ትቆሚያለሽ።»

አለቀሰች። መምሬ ደሴ ሰው ቁርስ ብላ ተብሎ እንዲህ ሲያለቅስ አይተው አያውቁም፤ ለሳቅ የዳዳውን ከንፈራቸውን በመስቀሉ ሸፈኑት። በመጨረሻ ይርገዱ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«እሺ። የጠዋቱን እቀበላለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ ያለውን ግን አልችልም፤ እሱ ጾም አይደለም፤ ስለት ነው።»

«የምን ስለት?»

እንዝርቷን ከመሬት አነሣች። የመለሰው በሩን ተደግፎ የቆመው ካሴ ነው።

«የርስዎ ነው መምሬ። በወባው ዓመት የተሳለችው።»

በወባው ዓመት መምሬ ደሴ ሞተው ነበር ማለት ይቻላል። ሜዳው ሬሳ የሚያነሣ ጤነኛ እስኪያጣ ድረስ አልቆ ነበር፤ ከደብሩ ቄሶች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውም መደብ ላይ ወድቀው ይንዘፈዘፉ ነበር። ሰው ያለ ፍትሐት ይቀበር ጀመር። ያን ጊዜ፣ አለ ካሴ፣ ይርገዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወድቃ «ሚካኤል ሆይ፣ እኒህን አንድ ቄስ አትውሰድብን፤ እሳቸው ከተነሡ በየሁዳዴው ሰው ሲበላ እኔ እስከ ማታ እቆያለሁ» ብላ ተሳለች። ሰኞንና ማክሰኞን ለማን እንደምትጾም እግዚአብሔር ይወቅ። ይህቺ ግን የመምሬ ደሴ ነበረች።

መምሬ ደሴ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ዓመት ወዲህ በየሁዳዴው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ወደ ትሪው ሲቀርቡ፣ ይህች ሴት ስለ እሳቸው ነፍስ በባዶ ሆድ ትቀመጥ ነበር። እሳቸው ደግሞ አፋቸውን ጠርገው ሲያበቁ ይቀልዱባት ነበር። ዕፍረት ከእግር ጥፍራቸው እስከ ጥምጥማቸው ወጣባቸው።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉ።

«ምን ጾሜና ልንገርዎ አባቴ?»

ያቺን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተዋታል! ስንት ጊዜስ ድምፅዋን እያስመሰሉ ሰው አስቀውባታል! ዛሬ ግን አላሳቀቻቸውም። ከዚያም ምላሳቸው ሆዳቸውን ሳያማክር ተናገረ።

«ስለቱ ስለኔ ከሆነ ዕዳው የኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ማታ የምቆየው እኔ ነኝ። አንቺ በሶሽን ጠጪ።»

በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ወይዘሮ ይርገዱ ደጇ ላይ ተቀመጠች፤ በሶው በዋንጫ ፊቷ ቀረበ። ወይዘሮ ታይቱ በሠፈሩ ሌላ መንገድ የሌለ ይመስል በዚያው አለፈች።

«ምነው ይርገዱ፣ በጠዋቱ?»

ይርገዱ ዋንጫውን እንደ መራራ ኮሶ ጨለጠችው። አፏን ጠረገች።

«የተጣለብኝ ቀኖና ነው እቴ። ከባድ ነው። አንቺ አትችይውም።»

ከዚያች ቀን በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የውጭኛው በር፣ የበሉ ሰዎች የሚቆሙበት ያ የዕፍረት ቦታ፣ ይርገዱ ከቆመችበት ወዲህ ክብሩ ጨመረ። «እህል እየቀመሱ ጾመኛ ፊት መቆም እኮ ቀላል አይደለም፤ መጾምስ ማንም ይጾማል» ማለት ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ ወይዘሮ ታይቱ መምሬ ደሴ ዘንድ መጥታ፣ ኃጢአቷ ከይርገዱ እንደማያንስ በብዙ ማስረጃ ካስረዳች በኋላ፣ ያን የቁርሱን ቀኖና እንዲጥሉባት ለመነች። ሁለት ሌሎችም ተከትለዋት መጡ። መምሬ ደሴ ሦስቱንም በመስቀል ባርከው መለሷቸው። በሶ በማር ለስንቱ ይበቃል?

መልአኩም ከዚያ ወዲያ ብቅ አላለም። ይርገዱ ርብ ወርዳ ውሃዋን ቀድታ ትመለሳለች፤ ክሯም አይበጠስም። ካሴ ወረታ ወርዶ ይህን ሲነግረው አለኸኝ ደስ አለው፤ ታዲያ ያው የደም ስኳር ነበራ ሲባል ግን «ይመስለኛል» አለ እንጂ አልማለም። ያ ወጣት በዚህ ሜዳ እርግጠኛ ሳይሆን የሚናገረውን እርግጠኛ አይደለሁም ብሎ የሚናገር ብቸኛ ሰው ነበር።

መምሬ ደሴስ? መምሬ ደሴ ጾሙ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በቁጣ፣ የሚቀጥሉትን በጸጥታ ጾሙ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲጣደፍ እሳቸው ግቢው ውስጥ ካለችው ወይራ ሥር ይቀመጣሉ። ከየቤቱ የሽሮ ሽታ ይመጣል። አንድ ቀን መዝሙረ ዳዊታቸውን ሲደግሙ ፊደሉ ይዋኝባቸው ጀመር። ጆሯቸው ጭው አለ፤ ላብ ግንባራቸውን አጠመቀው፤ አንጀታቸው ተገለባበጠ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ወይራዋን ተደገፉ። ክንፍ ፈልገው ነበር፤ አልመጣም። ይህን ነው እንግዲህ፣ አሉ በልባቸው፣ ያቺ ሴት ስንት ዓመት ቆማ የቻለችው። ይህን ነው እኔ የሳቅኩበት።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ወይዘሮ ይርገዱ ፊታቸው ቆማለች። ነጠላዋ ሥር ዋንጫ ይዛለች።

«አባቴ፣ ክንፍ ነው ወይስ ስኳር?»

«ፀሐይዋ አልጠለቀችም ይርገዱ» አሉ፤ ድምፃቸው ሰልሏል።

«ዐውቃለሁ። ስንት ዓመት የጠበቅኳትን ሰዓት አላጣትም።»

ካጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብሉ አላለቻቸውም፤ ተዉትም አላለቻቸውም፤ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ከብቶቹ ከሜዳው መመለስ ጀመሩ። ፀሐይ ወደ ጣና በኩል ዝቅ፣ ዝቅ አለችና ጠፋች። ያን ጊዜ በሶውን ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ጠጡት። ማሩን አብዝታበት ነበር። ደም ወደ ፊታቸው ሲመለስ በዓይኗ ተከተለችው።

«በረቱ እኮ አባቴ!» አለች። «በዚህ ዕድሜዎ፣ በዚህ ሙቀት፣ እስከ ማታ!»

መምሬ ደሴ ባዶውን ዋንጫ አዩ። ቀጥሎ እሷን አዩ፤ ያን የከሳ፣ ያን ኩሩ ፊት። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፤ ዓይናቸውንም መሬት ላይ ተከሉ።

«ኧረ እኔ ምን ጾሜ!» አሉ።